መዳፍ ላይ የቀረው ቁጥር

የመርማሪዋ ስልክ የሚጮኸው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ሲጮህም ማን እንደ ደወለ ሳታይ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኗ «እንዴት አደርሽ» ለማለት ብቻ የደወለላት ሰው የለም። ይህን ለማንም አውርታው አታውቅም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም።

ሟቹ የግንባታ ምርምር ተቋሙ የቤተ ሙከራ ኃላፊ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም አልሄድም ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪዎች «አባ ሚሊሜትር» ይሏቸዋል። ወደ ምድር ቤቱ በሚወስደው ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። መነጽራቸው ግን ከላይ፣ ደረጃው ከሚጀምርበት ወለል ላይ ወድቆ ነበር። የፖሊስ አለቃው ይህን ያሳያት እንደ ራሱ ግኝት ኮራ ብሎ ነው።

«ደረጃ ሲወጣ የሚያዳልጠው ሰው በፊቱ ይደፋል። እኚህ በጀርባቸው ነው የወደቁት። ከላይ የቆመ ሰው ገፍቷቸዋል» አላት።

ልክ ነበር፤ መርማሪዋም ልክ ነህ አለችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሟቹን ግራ መዳፍ ገለጠች። በእስክሪብቶ ሁለት ነገር ተጽፎበታል፤ መሃል ላይ «17.30»፣ ወደ አውራ ጣቱ ጠጋ ብሎ ደግሞ «12»። አለቃው ፎቶ አስነስቶ ትከሻውን ነቀነቀ። ሽማግሌው ቁጥር ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን ይገርማል?

ከአስከሬኑ አልፎ፣ ምድር ቤቱ መሃል፣ ሽማግሌው የኖሩለት ነገር ተጋድሟል። ባለሙያዎቹ ቢም ይሉታል፤ በሆዱ ፌሮ የታሰረበት፣ ፎቅ የሚሸከም አግዳሚ አርማታ ነው። ይህኛው ግን ፎቅ ተሸክሞ አያውቅም። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድመው፣ አርባ ከባድ ብረት ጭነውበት ተዉት። ሽማግሌው ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ሸክሙ ሳይጨመር፣ ጊዜ ብቻ ሲጨመር፣ አርማታ ምን ያህል ይጎብጣል? ከሥሩ የተተከለችው ባለ መርፌ መለኪያ የሚሊሜትር መቶኛ ሳይቀር ትናገራለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት አንዴ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት አንዴ፣ እሑድ ሳይቀር ያነቧታል። ምድር ቤቱ እርጥበት ስላለው ደብተር አያወርዱም፤ ቁጥሩን መዳፋቸው ላይ ጽፈው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍላቸው ደብተሩ ላይ ይገለብጡና እጃቸውን ይታጠባሉ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ኖሩ።

አሁን ግን አርባዎቹ ብረቶች በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ቢሙ ባዶውን ነው። መርማሪዋ ተንበርክካ መርፌዋን አየች፤ 17.24።

«ማታ እሳቸው ራሳቸው አውርደውት ይሆናል» አለ አለቃው። ከዚያ የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ አሳያት። እሑድ፣ 2 ሰዓት፣ 24.61። እሑድ፣ 11 ሰዓት፣ 24.61። «እስከ አስራ አንድ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ከአስራ አንድ በኋላ እዚህ የመጣች አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ልጃቸው። ስምንት ዓመት ተኳርፈዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እያለቀሰች ስትሮጥ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ አይቷታል። የመያዣ ወረቀቱን አስፈርሜያለሁ።»

«እስከ አመሻሽ አቆየው» አለችው።

«ምን ይለወጣል?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል አልሰማህም?»

«እኔ ማደሩን አይደለም የጠላሁት፤ ወረቀቱ መጠበቁን ነው» ብሎ ሳይወድ ሳቀ።

ልጅቱ ነርስ ናት። ኮሪደሩ ውስጥ ካሉት አሥር ወንበሮች ጥግ ያለውን መርጣ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። መርማሪዋ አጠገቧ ስትቀመጥ ፈቀቅ አላለችም፤ ቀና ብላም አላየቻትም። ስለ ኩርፊያው ስትጠየቅ ሳትሸፋፍን ተናገረች። እናቷ ታማ በተኛችበት ክፍል አባትና ልጅ በየተራ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አባቷ ሰዓቱን አየና ተነሣ። ሲመለስ እናቷ አልነበረችም።

«መርፌ ሊያነብ ሄዶ ነው የሞተችው» አለች። «ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ላናግረው? ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ። ትናንት ደከመኝ። እሱ ስልክ ስለማይዝ ለዋናው በር ዘበኛ ደውዬ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ በሉት አልኩ።»

«መጣሽ?»

«መጣሁ። ዋናው በር ተቆልፏል፤ የክፍሉ መብራት ግን በርቶ ከውጭ ይታያል። አንኳኳሁ፤ አልከፈተልኝም። ውስጥ ሆኖ እየሰማኝ ነበር የመሰለኝ። አሁንም የሚመስለኝ እንደዚያ ነው።»

መርማሪዋ ልጅቱን ከወረቀቱ ይልቅ ያ የተዘጋ በር የከበዳት መሆኑን ተረዳች።

ዘበኛው ዕድሜው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሲጠየቅ ቆቡን የሚያሽከረክር ሰው ነው። መልእክቱን በስልክ ተቀብያለሁ፣ ነገር ግን በሩን ጥዬ መሄድ ስለማልችል አላደረስኩም አለ። እሑድ ሥራው የሚያልቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ያለ ጠባቂ ይቆለፋል። ቁልፍ ያላቸው እሱ፣ ሽማግሌውና አንድ የተቋሙ ዶክተር ናቸው። መርማሪዋ የምትሰማው ቃሉን ነበር፤ የምታየው ግን የቀኝ አውራ ጣቱን። ጥፍሩ ጠቁሯል። የዩኒፎርሙ ክንድ ላይም የዝገት እድፍ አለ።

«ጣትዎን ምን አገኘው አባቴ?»

«በር ነው የቆረጠመኝ፣ እመቤቴ።»

«ክፉ በር ነው» ብላ ተወችው።

ዶክተሩ የሽማግሌው ተማሪ ነበር። አሁን የራሱ ሰፊ ቢሮ፣ የራሱ ዝና አለው። አርማታ እንዴት እንደሚጎብጥ አስቀድሞ የሚተነብይ ቀመር ሠርቷል፤ ቀመሩንም የሠራው በዚያው ቢም የመጀመሪያ ዓመታት ቁጥሮች ነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ለመርማሪዋ አሳያት። ለስላሳ መስመር ሽቅብ ይወጣና ሃያ ሁለት ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይተኛል። በየሳምንቱ ከደብተሩ የሚገለበጡት የሽማግሌው ነጠብጣቦች ግን መስመሩን አልፈው፣ አዝግመው አዝግመው ወደ ላይ እየሄዱ ነው። ይህን ስትጠይቀው ልዩነቱ ኢምንት ነው አለ። በዚህ ቀመር የተሠራ ሕንፃ አለ ወይ ስትለው፣ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ አለ፣ መጽሐፉም ማተሚያ ቤት ገብቷል አለ። እሑድ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ ማታ ባልደረባው ቤት ግብዣ ላይ ነበር፤ አሥራ አራት ሰው አይቶታል።

መርማሪዋ ልትወጣ በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ መርፌው አሁን ስንት ያሳያል?»

«ሃያ አራት ነጥብ ስድሳ አንድ። እስከ ወሩ መጨረሻ ንቅንቅ አይልም።»

«ዛሬ ወርደው አዩት?»

«ፖሊስ ዘግቶታል። ደግሞ ማየት አያስፈልገኝም፤ ቢሙን አውቀዋለሁ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ከደረጃው ሥር በኖራ የተሰመረው ብቻ ቀርቷል። ልጅቱ ወደዚያ ላለማየት ፊቷን ወደ ቢሙ አዞረች። ዶክተሩ ወርዶ የተራቆተውን ቢም ሲያይ እግሩ ለአፍታ ቆመ። ይህን ከመርማሪዋ በቀር ያየ አልነበረም።

«ከሸክሙ እንጀምር» አለች። «አርባ ብረት ነው። የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ብቻውን አያወርደውም። አባቴ፣ ክንድዎ ላይ ያለው ዝገት ከእነዚህ ብረቶች ነው። ጣትዎን የቆረጠመው በር አይደለም። ሰው ገድለዋል አላልኩም። በሩን ጥለው ወርደዋል ነው ያልኩት።»

ዘበኛው ቆቡን ማሽከርከሩን ተወ። «ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነው እመቤቴ። ሰባት ሰዓት ላይ መልእክቱን ላደርስ ወረድኩ። ከዚያ አግዘኝ አሉኝ። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ጨርሰን እኔ ሄድኩ።»

«እንግዲህ ስሙ» አለች መርማሪዋ። «ከዘጠኝ በፊት ቢሙ ባዶ ነበር። ሸክም የወረደለት ቢም እዚያው በዚያው ቀና ይላል፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይላል። መርፌዋም ወደ አሥራ ሰባት ወረደች። ሽማግሌው አነበቡ፤ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸው ላይ 17.30 ብለው ጻፉ። ደብተሩ ግን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሃያ አራት ይላል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ በዓለም ላይ ሃያ አራት የሚባል ቁጥር አልነበረም። መዳፋቸውም አልታጠበም። ስለዚህ ደረጃውን ወጥተው አልጨረሱም። በደብተሩ ላይ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ሽማግሌው እስከ አስራ አንድ ሰዓት ነበሩ እንዲባል።»

አለቃው ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው።

«ማን ነው? ዘበኛው ብረቱን ያወረደ ነው፤ ሃያ አራት ብሎ አይጽፍም። ልጅቱ ስለ ደብተሩ አታውቅም፤ ቁልፍም የላትም። የጻፈው ሰው ቁልፍ አለው፣ የደብተሩን ልማድ ያውቃል፣ ቢሙ መራቆቱን ግን አያውቅም። ማንኛውም ሠራተኛ ቢሆን ወርዶ መርፌዋን ያይ ነበር። ይህኛው ግን ከላይ ሆኖ፣ አስከሬኑን ተሻግሮ ሳይወርድ፣ ቢሙ ምን ማለት እንዳለበት ስለሚያውቅ ብቻ ጻፈ። ዛሬም በአፉ ደገመልኝ፤ ማየት አያስፈልገኝም አለኝ። ዶክተር፣ ከዘጠኝ እስከ አሥር የት ነበሩ?»

ዶክተሩ የተራቆተውን ቢም አየ። 

«ለአዳራሹ ደብዳቤ እጽፋለሁ አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «ጣሪያው ሳይወድቅ በምሰሶ ይደገፍ ብለው። መጽሐፉ እስኪወጣ ይቆዩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ደረጃው አፍ ላይ ነበርን። እጃቸውን ፊቴ ላይ ዘረጉት፤ ሊመቱኝ መስሎኝ ገፋሁ።»

«ሊመቱህ አይደለም» አለች መርማሪዋ፤ ማክበሩን ተወችው። «መዳፋቸውን ሊያሳዩህ ነበር። ሸክሙ ወርዶለትም ቢሙ ጎብጦ የቀረበት ቁጥር እዚያ ነው። እሱንም አላየኸውም።»

አለቃው ዶክተሩን ይዞ ወጣ። ወደ አዳራሹም ሰው ላከ። የመያዣው ወረቀት ስም መቀየር ነበረበት፤ እያጉረመረመ ቀየረው።

ልጅቱ አልተንቀሳቀሰችም። መርማሪዋ የመዳፋቸውን ፎቶ ሰጠቻት።

«አሥራ ሰባት ነጥብ ሠላሳ ምን እንደሆነ ሰምተሻል። ከጎኑ ያለው አሥራ ሁለት የቢሙ አይደለም፤ ቢሙ ነጥብ የሌለው ቁጥር የለውም።»

ልጅቱ ዘበኛውን አየችው። እሱም አንገቱን ደፋ።

«ስነግራቸው ብረቱ ላይ ቁጭ አሉ» አለ። «ስንት ሰዓት ነው ያለችው ብለው ሁለቴ ጠየቁኝ። እንዳልረሳው ብለው እጃቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ‹ና አግዘኝ፣ ይህን ሸክም እናውርድ፤ ከእንግዲህ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የምሄድበት የለኝም› አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር ልጄ።»

«ስታንኳኪ አልሰሙሽም» አለች መርማሪዋ። «ቢሰሙሽ ይከፍቱልሽ ነበር።»

ልጅቱ አለቀሰች፤ መርማሪዋም ጠበቀቻት። ከቆይታ በኋላ ልጅቱ ፊቷን ጠርጋ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች። አስራ አንድ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። እስክሪብቶ አበድሩኝ አለች። ተንበርክካ መርፌዋን ለረጅም ጊዜ አየች፤ 17.19። ከጠዋቱ በአምስት መቶኛ ቀና ብሏል። ቁጥሩን መዳፏ ላይ ጽፋ፣ ጣቶቿን ሳታጥፍ፣ ደረጃውን ወጣች።

መርማሪዋ ውጭ ቆማ ስልኳን አወጣች። ታናሽ ወንድሟ ጋ ከደወለች ሦስት ዓመት አልፏል። ከብዙ ጥሪ በኋላ ተነሣ።

«ማን ሞተ?» አላት።

«ማንም» አለች። «እንዴት ዋልክ ልልህ ነው።»