በክንፉ ደረት ላይ የተቀመጠው ሣር

ክንፉ በደረጃው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ ደሙ አንገቱን ዞሮ ሸሚዙን ካራሰ በኋላ ደርቋል። ደረቱ ላይ ግን አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር፣ አንዲት ዘለላ ሳትበተን፣ ቁጭ ብሏል።

አርብ ጠዋት ነው። ሬሳውን ያየችው በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ ገበያ ጀርባ ያለውን ማተሚያ ቤቷን ልትከፍት የመጣችው ሮማነወርቅ ናት። ክንፉ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል እየኖረ «ዱንጌ» የተባለውን የሥዕል መጽሔት ይሥል ነበር። ዱንጌ ዱንጉዛ የሚለብስ ጀግና ነው፤ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለውን ሸማውን አንዴ ሲያራግፈው ከተራራው ጉም ይወርዳል፣ ቀማኛም መንገዱ ይጠፋበታል። የአርባ ምንጭ ሕፃናት የእናቶቻቸውን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ቋጥረው ከአጥር የሚዘሉት በእሱ የተነሣ ነው። ያን ሁሉ ጉም የሣለው እጅ አሁን ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ዝንብ ሰፍሮበታል።

ኢንስፔክተር ልክነሽ ጃንጥላዋን ተመርኩዛ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች። ሌላኛው ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ አልታጠፍም ብሏል።

«ከላይ ወድቆ ነው» አለ ሳጅን ባርኮት። «ሣሩን ለእሑዱ ምርቃት ሊጎዘጉዝ ይዞት ነበር መሰለኝ። ሦስተኛው መጽሔት ሊመረቅ ነበር አሉ።»

«የወደቀ ሰው ሣሩን ደረቱ ላይ አስተካክሎ አይሞትም፣ ባርኮት። እስቲ አንሣው። ሥሩ ላይ ደም አለ?»

አገላብጦ አየ። «የለም።»

«ደሙ ከደረቀ በኋላ የተቀመጠ ነዋ። ደግሞ ለምርቃት የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ነው፤ በማጭድ ታጭዶ ገበያ የሚሸጠው። ይሄ ሰርዶ ነው፤ ከነሥሩ በእጅ ተነቅሏል። ጭቃውን ንካው።»

«እርጥብ ነው።»

ልክነሽ በአቧራ ወደ ታፈነው መንገድ አየች። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል። «ሲቀላ ውስጥ እርጥብ ጭቃ ካገኘህ ንገረኝ» አለችና ሣሩን በጋዜጣ ላይ አድርጎ የግቢው መግቢያ ላይ እንዲያኖረው አዘዘችው።

ሮማነወርቅ ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ቁልፎቿን እያንኳኳች ቆማለች። ከሐዋሳ መጥታ እዚህ የከበረች ሴት ናት።

«እንደ ልጄ ነበር የማየው» አለች።

«በሁለቱ መጽሔቶች ሽፋን ላይ የልጅሽ ስም የለም።»

«ዕዝራ ነው ጽሑፉን ይዞ የመጣው። ‹የዱንጌ ፈጣሪ ዕዝራ› ብለን አወጣን። ሠዓሊውን ማን ይጠይቃል ብዬ ነዋ! ሰዉ ሲያጉረመርም ጊዜ ይኸው ትናንት አዲሱ ፖስተር ላይ ስሙን ከዕዝራ ጎን አስገባሁለት። ከሰዓት በኋላ ባጃጁ ሁሉ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ደስ አለው?»

ቁልፎቹ ዝም አሉ። «አለቀሰ።»

«በደስታ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። ማሽኑ አልተነሣም፤ የሚታይ ነገርም አልነበረውም።

ቀጥሎ ዕዝራ ገባ። ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥቶ፣ ከተመረቀም በኋላ እዚሁ የቀረ ወጣት ነው። ጋዜጣው ላይ ያለውን ሣር በረጅም እግሩ ተራምዶት አለፈ።

«ይሄን ቆሻሻ ለምን በር ላይ ጣላችሁት?» አለ። ከዚያ ወደ ልክነሽ ዞረ። «ገደልከው ሊሉኝ ነው አይደል? ማታ ስንጯጯህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«በምን ተጯጯሃችሁ?»

«በስም።»

«ስሙ ከሰዓት በኋላ ወጥቶለት የለም እንዴ? ማታ ምን ቀረው?»

የዕዝራ ጆሮ ቀላ። «ከእኔ ስም በፊት ይቀመጥ ብሎ ነው።»

«ዱንጌን ማን ፈጠረው?»

«እኔ። ክንፉ የሣለው እኔ የነገርኩትን ነው።»

«ዱንጉዛ የሚባል ልብስ እንዳለስ ለአንተ ማን ነገረህ?»

ዕዝራ ወደ በሩ ዞረ።

ሦስተኛው ሰው ሲሮጥ መጣ። ሶፎንያስ ይባላል፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ከሥራው በተረፈው ጊዜ በኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ያለማል። ከክንፉ ጋር ተራራው ላይ ባለው ኦቾሎ መንደር አብረው ተወልደው በአንድ ዴስክ የተማሩ ናቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ሩጫው ተቆረጠ። ጋዜጣውን አየ፤ ከዚያ ትከሻውን ከግድግዳው ጋር እያሻሸ ሣሩን ዞሮ ገባ።

ልክነሽ አየችው። «ባርኮት፣ ያን ሣር መጣያ ውስጥ ጨምረው» አለች።

«አይጣል!» አለ ሶፎንያስ። ሁሉም ዞረው ሲያዩት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለቴ... ዝም ብሎ አይጣልም፣ እትዬ።»

«እሺ፣ አይጣል። ማታ የት ነበርክ?»

«ኩልፎ። የውኃ ተራዬ ነበር። ሙዜን ሳጠጣ ነው ያመሸሁት።»

«ለነገ ደግሞ ኦቾሎ ቀጠሮ ነበራችሁ አሉ።»

«የክንፉ አጎት ጋሽ ፈቃደ ናቸው እኔን፣ ክንፉንና ዕዝራን ዱቡሻ፣ የሽማግሌ ሸንጎ፣ የጠሩን። ዱንጌን ማን እንደፈጠረው በሽማግሌ ፊት ይነገር ብለው። ዱቡሻ ላይ አይዋሽም።»

«አንተ ምን ልትል ነበር?»

«እኔማ ምስክር ነኝ። የክንፉ ምስክር።» ምስክር የሚለውን ቃል ሲናገር ከንፈሩ መራራ ነገር እንደ ቀመሰ ሰው ተጣመመ።

ልክነሽ ቀትር ላይ ወደ ኩልፎ ወረደች። ማሳው ሁሉ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፤ የሙዙ ቅጠል ተንጠልጥሏል። አንድ የሙዝ ማሳ ብቻ፣ ከሥሩ ካለው የቲማቲም መደብ ጋር፣ ጭቃው ያብረቀርቃል። ከማሳው አጠገብ ውኃ የሚያከፋፍሉት ጋሽ ዘካሪያስ በአካፋ ቦይ ይደፍናሉ፣ ብቻቸውንም ይሳደባሉ።

«ፖሊስ ነሽ? እሰይ! ነይ እሰሪልኝ ያን መምህር!»

«ምን አደረገ ጋሽዬ?»

«ውኃውን ለቆት ሄደ! ተራውን ጥሎ የሚሄድ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ሚስቱ ምጥ የያዛት እንኳ ሰው ተክቶ ነው የሚሄደው። ጠዋት ብመጣ ቲማቲሜ ዋና ሲማር አገኘሁት!»

ልክነሽ ሳቋን ዋጠች። «ትናንት ውኃ የገባው ሌላ ማሳ የለም?»

«በማን ተራ? ትናንት የሱ ብቻ ነበር። ያውልሽ፣ ሌላው መሬት ድንጋይ ሆኗል።»

በሚያብረቀርቀው የሙዝ ማሳ ጠርዝ ላይ ሰርዶ በቅሏል። ከመካከሉ አንድ ጭብጥ የምታህል ቦታ፣ ጥርስ እንደወለቀበት ድድ፣ ባዶዋን ቀርታለች። ልክነሽ ጃንጥላዋን ተደግፋ ባዶዋን ቦታ በጭብጧ ለካች። ያወቀችው ነገር ደስ አላሰኛትም።

ክንፉ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ በትውልድ መንደሩ በኦቾሎ ተቀበረ። በማግስቱ ልክነሽ ሮማነወርቅን፣ ዕዝራንና ሶፎንያስን ይዛ ወጣች። ዱቡሻው ከተራራው ጫፍ ነው፤ ሽማግሌዎች በድንጋዮቹ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ከታች የአባያ ሐይቅ ቡናማ ውኃ ያለ ድምፅ ተኝቷል።

«ክንፉ ዛሬ ቀጠሮ ነበረው» አለች። «ቀጠሮው እንዳይቀርበት ብዬ ነው።»

የክንፉ አጎት ጋሽ ፈቃደ በትራቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «እዚህ የሚዋሽ ጎሜ ያመጣል፤ የነውሩ መዘዝ ለእርሻውም ለከብቱም ይተርፋል። ተናገሪ ልጄ።»

ልክነሽ ጋዜጣውን ፈታች። ሣሩ ወይቧል። «ይሄ ክንፉ ደረት ላይ ነበር። ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው የተቀመጠው። እንግዲህ የገደለው ሰው ሄዶ ተመልሷል። የሚሸሽ ሰው ለምን ይመለሳል? ሊሰርቅ አይደለም፤ የተነካ ዕቃ የለም። በዚህ አገር እርጥብ ሣር የያዘ ሰው በመሀል ከገባ ጠብ ይቆማል። የበደለም ሣር ይዞ ይቅርታ ይለምናል። ገዳዩ የተመለሰው አፍሮ፣ የሞተን ሰው ይቅርታ ሊለምን ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ዕዝራ ሣሩን ቆሻሻ ብሎ ተራመደው። ሮማነወርቅም ደጋግማ ስትገባና ስትወጣ ተራምዳዋለች። አልፈርድባቸውም፣ አገራቸው አይደለም። ትርጉሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ዞሮት ገባ፤ ‹አይጣል› አለ። ይሄ ብቻውን ወንጀል አይሆንም፤ እናንተም ብትሆኑ አትራመዱትም። ነገር ግን የሣሩ ሥር እርጥብ ጭቃ ነበረው። ሐሙስ በተራ ውኃ የገባው አንድ ማሳ ብቻ ነው። ባለ ማሳው ‹ሳጠጣ አመሸሁ› አለኝ፤ ውኃው ግን ባለቤት አጥቶ የሰው ቲማቲም ሲያጥለቀልቅ አደረ።»

ማንም ስም አልጠራም። ሶፎንያስ ራሱ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። ወደ ሽማግሌዎቹ ሳይሆን ወደ እግሩ ነበር የሚያየው። «ዱንጌን የፈጠርኩት እዚሁ፣ ልጆች ሳለን ነው። በዕረፍት ሰዓት እኔ አወራለሁ፣ ክንፉ መሬቱ ላይ በስንጥር ይሥላል። አባቴ ሸማኔ ነበር። ዱንጉዛውን ከሽመናው አውጥቶ ሲያራግፍ ብናኙ በፀሐዩ ውስጥ እንደ ጉም ይነሣል። ጉሙ ከዚያ ነው የመጣው። በኋላ ለዕዝራም የተረኩለት እኔው ነኝ፤ ስለ ዱንጉዛም የነገርኩት እኔ። ገንዘብ አልጠየቅኩም። ክንፉ ግን በሦስተኛው ላይ ‹ቀድሞ ያንተ ስም ይጻፋል› ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር።»

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ፈቃደ።

«ሐሙስ ውኃ እየመራሁ ሳለ አንድ ባጃጅ መንገድ ዳር ቆመ። ጀርባው ላይ ዱንጌ አለ። ከሥሩ ‹ዕዝራና ክንፉ› ይላል። አካፋዬን ጥዬ ሄድኩ። ደረጃው አናት ላይ አገኘሁት። ‹ስሜን ተናገርክልኝ?› አልኩት። አቀረቀረ። ‹የራስህን አስጻፍክ አይደል?› አልኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ገፋሁት። መግፋቴን ያወቅሁት እጄ ባዶ ሲቀር ነው። ሸሽቼ ማሳዬ ገባሁ። ጭቃው ውስጥ ስቆም... ሣሩን ነቀልኩ። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።»

ልክነሽ ጃንጥላዋን ወደ ዕዝራ አዞረች። «ክንፉ የራሱን ስም ከሰዓት በኋላ አግኝቷል። ስሙን ያገኘ ሰው አልቅሶ፣ ማታ ደግሞ በስም አይጣላም። ‹ከእኔ ይቅደም ብሎ ነው› ያልከኝን እዚህ ድገመው።»

ዕዝራ ወደ ሐይቁ አየ፤ ወደ ድንጋዮቹ አየ፤ የሚያይበት ቦታ አጣ።

«አልደግመውም» አለ። «የተጣላነው በሶፎንያስ ስም ነው። ክንፉ ፖስተሩን ቀዶ መጣ። ‹የኔን አውጡትና የሱን አስገቡ፤ አለዚያ እጄ ይቆረጥ እንጂ አልሥልም› አለን። እኔ... ‹ልጅ ሆኖ ያወራው ተረት ፈጠራ አይባልም› አልኩት።»

«እኔም ‹አንዴ ታትሟል› አልኩ» አለች ሮማነወርቅ፤ ድምፅዋ ከነጠላዋ ውስጥ ነው የወጣው። «ወረቀቱ አሳሳኝ።»

«ወደ ክፍሉ ሲወጣ» አለ ዕዝራ፣ «‹አሁን ሶፎንያስን በምን ዐይኔ አየዋለሁ› ይል ነበር።»

ሶፎንያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

 መልሱን ሁሉም ያውቁታል፤ እሱም ጠይቆ ሳይጨርስ አወቀው። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ባርኮት ቀርቦ ካቴናውን አጠለቀለት። ልክነሽ የወየበውን ሣር ለጋሽ ፈቃደ በሁለት እጇ ሰጠች፤ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ይቅር አላሉም፣ አልረገሙምም። ሣሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ዕዝራ ዞሩ።

«የተሰበሰብንበት ነገር አልተነገረም» አሉ። «ዱንጌን ማን ፈጠረው?»

ዕዝራ ተነሣ። በመድረክ ላይ፣ በማይክሮፎን፣ ስንት ጊዜ የመለሰው ጥያቄ ነው።

«ሶፎንያስ ነው» አለ።

«አልሰማንም።»

«ዱንጌን የፈጠረው ሶፎንያስ ነው!»

ስሙ በተራራው ጫፍ ላይ ጎልቶ ተሰማ። ሶፎንያስ ዘመኑን ሁሉ ይህን ቃል ሲጠብቅ ኖሯል። የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንሥቶ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ሳበና ፊቱን ሸፈነ። ሽማግሌዎቹም፣ ዕዝራም፣ ሮማነወርቅም፣ ልክነሽም ሳይቀሩ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።