የስምንት ሰዓት መንገድ

ዘውዱ ከአዲስ አበባ ካመጣው አውሮፕላን ደረጃ ላይ እጁን ሲያውለበልብ ብዙነሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። የለበሰችው ቢጫ ቀሚስ የጎረቤት ነው፤ የእሷ ልብስ ሁሉ ጥቁር ተነክሯል። እናታቸው ከሞተች ወር ሊሞላት ነው። ዘውዱ ግን አልሰማም።

አጎቷ አቶ አለሙ ከደብረ ታቦር ሲነሱ አስጠንቅቀዋታል። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይላክም። መንገደኛም እህል ሳይቀምስ፣ ጎኑን ሳያሳርፍ አይነገረውም። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ከነፍስ አባታቸው ጋር መጥተው ይነግሩታል።

ዘውዱ አቅፎ ከመሬት አነሳት። «ጓድ ብዙነሽ፣ እንዲህ እንድትረዝሚ ማን ፈቀደልሽ?» አላት። ወዲያው ዓይኑ እናቱን ፈለገ።

«ጣራ ገዳም ጠበል ገብታለች» አሉ አጎቷ፣ መሬት መሬት እያዩ።

አውቶቡስ ውስጥ አጎቷ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ተቀመጡ። የዘውዱ ወሬ አያልቅም። ከሞስኮ አዲስ አበባ ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ሰማይ ላይ የቆየው ግን ስምንት ሰዓት ያህል ነው።

«እማዬ አታምነኝም። ሞስኮ ከኢየሩሳሌም ማዶ፣ የዓመት መንገድ ይመስላታል እኮ።»

ብዙነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናቷ ሁለት ወር ተኝታ ስትታመም «ሩቅ ነው አይደል? ባይርቅማ ይመጣ ነበር» ትላት ነበር። እሷም «አዎ እማዬ፣ በጣም ሩቅ ነው» ስትል ኖራለች። ስምንት ሰዓት። አጎቷ አዲስ አበባ ሲሄዱ እንኳ መንገድ ላይ ያድራሉ።

ወረታ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። መንገዱ እዚያ ይከፈላል፤ በቀኝ ወደ ደብረ ታቦር፣ ቀጥታ ወደ ይፋግና አዲስ ዘመን። ዘውዱ ሻንጣውን ይዞ ወረደ።

«ጣራ ገዳምማ እዚሁ ነው። እናንተ ሂዱ፤ እኔ እማዬን ይዣት እመጣለሁ።»

አጎቷ ደነገጡ። ሱባዔ የያዘ ሰው አይጠየቅም አሉ፤ መኪናም አይገኝም አሉ።

«አጎቴ፣ ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ መጥቼ ይፋግን ልፍራ?» ብሎ ሳቀ ዘውዱ። ወዲያ ማዶ የአዲስ ዘመን መኪና ረዳት ይጣራል። ወደዚያው አመራ።

«ቤት እስኪገባ ብቻ» አሏት አጎቷ በሹክሹክታ። «አንድ ነገር ፍጠሪና መልሽው።»

ከባድ አልነበረም። እማዬ ትናንት ተመልሳለች ብትለው በደስታ አውቶቡሱ ላይ ይወጣል። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ እየሳቀ ይሄዳል።

ብዙነሽ ሮጣ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ሻንጣህን አስቀምጠው።»

«ምነው፣ አንቺም ልትመጪ ነው?»

እጁን ይዛ ከመንገዱ ዳር ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ወሰደችው፤ አጎቷም መጥተው ከጎኑ እስኪቆሙ ጠበቀች። «እማዬ ጠበል አልገባችም» አለችው።