ሁለት ጭብጨባ

ጡረተኛው መምህር ዋለ ከበረንዳቸው ደረጃ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ጵርስቅላ ስትደርስ ግቢው ጭር ብሏል። ሰው ሞቶበት እንዲህ ዝም ያለ ቤት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አይታ አታውቅም፤ ከጎረቤትየዋ ከእትዬ ከበቡሽ በቀር ዝር ያለ አልነበረም። ሳሎኑ ውስጥ የሟች የወንድም ልጅ ሚክያስ የሠራው ሮቦት ተገትሯል።

«ድሮ እዚህ ቤት ሰው አይጠፋም ነበር» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «ከስድስት ወር በፊት ይሄ ነገር ከገባ ወዲህ አጫዋች አላቸው ብለን ሁላችንም ቀረን።»

«ቅዳሜ፣ የሞቱ ዕለት፣ ምን ሰሙ?» አለች ጵርስቅላ።

«አምስት ሰዓት ላይ ሁለቴ ተጨበጨበ። ከዚያ ‹ተነሳ!› አሉ፣ በአማርኛ። ዝም። ደግሞ ጭብጨባ፤ ‹ተነሳ!› ማሽኑ በጭብጨባና በአማርኛ ስለሚታዘዝ እሱን ሲያዙ ነው ብዬ ጎመኔን መክተፍ ቀጠልኩ። እሳቸውና ሚክያስ እርስ በርስማ በሀዲይኛ ነው የሚያወሩት።»

ከሀደሮ ከተማ የመጣችውን ተከራይ፣ ልብስ ሰፊዋን ኤልሳን ያሳሰራት ይህ ቃል ነው። ሚክያስ በአራት ሰዓት ወደ ቦኖሻ ከተማ ወጥቻለሁ ብሏል። ጋሽ ዋለ በአምስት ሰዓት ሲናገሩ ከተሰሙ፣ አብራቸው የቀረችው ቤት ልቀቂ ብለው የተጣሏት ኤልሳ ብቻ ናት።

ሚክያስ ቃሉን እንዲሰጥ ሲጠራ ሰላምታ ሳይሰጥ ገባ። በሩ ላይ ወደ ቆመው ኮንስታብል ተረፈ ሁለቴ አጨብጭቦ «ወንበር!» አለና ዓይን ዓይኑን እያየ ጠበቀ።

«ማሽንህ መሰልኩህ እንዴ ወንድሜ?» አለ ተረፈ እየሳቀ።

ጵርስቅላ አልሳቀችም። «አጎትህስ ሮቦቱን የሚቀሰቅሱት እንዴት ነበር?»

«በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው። ግራ እጃቸው ሽባ ነው።»

በማግስቱ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኤልሳ በካቴና እንደታሰረች ጥግ ይዛለች።

«መብራት የጠፋው ዓርብ ነው» አለች ጵርስቅላ። «ሮቦቱ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ባትሪው ማለቁን ራሱ መዝግቧል። ስለዚህ ‹ተነሳ› የተባለው ሰው ነው። ጋሽ ዋለ ደግሞ በአንድ እጃቸው አያጨበጭቡም። እትዬ፣ የማን ድምፅ ነበር?»

«የሳቸው መስሎኝ...» እትዬ ከበቡሽ ወደ ሚክያስ ዞሩ። «የዚህም ድምፅ ቁርጥ እንደ አጎቱ ነው እኮ!»

«እኔ አጎቴን በአማርኛ አናግሬ አላውቅም!» ሲል ሚክያስ ጮኸ።

«ስድስት ወር ሙሉ ከዚህ ማሽን ሌላ ማንን አናገርክ?»

ሚክያስ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ሰው ናፍቆኛል፣ ይህን ማሽን ውሰድልኝ አሉኝ። ሰኞ እዚሁ መጥቶ ሥራዬን የሚገመግም ኮሚቴ ሊያየው ነበር። ገፋኋቸው። ሲወድቁ ማንሳት ነበረብኝ... እጄ አጨበጨበ። አልነሱም። ጥያቸው ሄድኩ።»

ተረፈ የኤልሳን ካቴና ፈታ። እጇን እያሻሸች «ወዲያው ነው የሞቱት?» ስትል ጠየቀች።

«አንድ ሰዓት ያህል ቆይተዋል ብሏል ሐኪሙ።»

እትዬ ከበቡሽ በመስኮቱ በኩል የራሳቸውን ማድቤት አዩ።

«ከዚህ እስከዚያ» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ «ሃያ እርምጃ አይሞላም።»