ሳቅ የማይገባበት ድንኳን

ክላይድን የቀበርነው ባለፈው ወር ነው። ለቀብር የመጣ ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» አለኝ። ውሸት ነው። ነገረኛ፣ ግትር፣ ምላሱ እሬት የሆነ ሰው ነበር፤ ይህንን እያወቅሁ ነው ያገባሁት።

የተገናኘነው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ስለ ጦር ሜዳ ሐኪሞች የሚተርክ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ሥራ ላይ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ኮሪያ ዘምቼ በድንኳን ሆስፒታል ነርስ ስለነበርኩ፣ ለተዋንያኑ የቀዶ ጥገና መቆንጠጫ አያያዝ እንዳሳይ ተቀጠርኩ። እሱ የሳቅ ሠራተኛ ነበር። ያኔ አስቂኝ ድራማ ያለ ሳቅ አይተላለፍም፤ ተመልካች ሳይኖር የተቀረጸውን ፊልም ክላይድ እያየ፣ የማሽኑን ቁልፎች እየተጫነ፣ በቴፕ የተቀዳ የሰው ሳቅ ይጨምርበታል።

«እነዚህን የሚስቁ ሰዎች ከየት አመጣሃቸው?» አልኩት በመጀመሪያው ቀን፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

«ድሮ የተቀዱ ናቸው እመቤቴ። ግማሾቹ ሞተዋል።»

«እኔም የሞቱ አውቃለሁ። አንዳቸውም አልሳቁም።»

«ፊትሽን አይተው ይሆናል።»

በጥፊ ልለው ፈለግሁ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና የሳንድዊቹን ግማሽ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«መርዝ አለው?»

«አንቺን መርዝ አይበግርሽም።»

በላሁት። ከዚያ ወዲያ ሳንሰዳደብ የዋልንበት ቀን የለም። እሱ የቀረ ቀን ግን ዓይኔ ከበሩ ላይ አይነሳም ነበር። እሑድ እሑድ ቤቴ ምሳ መብላት ጀመረ። ምግቤን እያማ ሳህኑን ሙልጭ ያደርገዋል።

አንድ ቀን ለድራማው ደራሲ የራሴን ታሪክ ነገርኩት። ሆዱን የተመታ ወታደር ጠረጴዛው ላይ እየሞተብን፣ ሐኪሙ እጃችን እንዳይንቀጠቀጥ ቀልድ ይነግረን ነበር። ደራሲው እንዳለ ጻፈው። አለቃችን ሚስተር ፊንች ግን፣ «ቀልድ ካለ ሳቅ ይግባበት» ብሎ አዘዘ።

ክላይድን ኮሪደር ላይ አስቆምኩት።

«ያ ልጅ እጄ ላይ ነው የሞተው። ሳቅ ከጨመርክበት ደጄን እንዳትረግጥ።»

«እኔ ቁልፍ የምጫን ሰው ነኝ ቬልማ። ትእዛዝ ነው።»

«ያን ልጅም እዚያ ያደረሰው ትእዛዝ ነው።»

ዞር ብሎ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ።

ሳቅ የሚጨመርበት ዕለት በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ፊልሙ ተጀመረ። ሐኪሙ ቀልዱን ተናገረ። የክላይድ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ናቸው፤ አልተንቀሳቀሱም።

«ምን ሆነሃል?» አለ ፊንች።

«ጣቴ እምቢ አለኝ።»

«የምከፍልህ ለጣትህ ነው!»

«እንግዲያው እርስዎ ይጫኑት።» ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀለት።

ፊልሙ እንደገና ተጀመረ። ያ ማሽን ግን ለለመደው እንጂ ለሌላው አይታዘዝም፤ አንዱ ቁልፍ ፈገግታ፣ አንዱ አዳራሽ ሙሉ ካካታ ነው። ፊንች ቁልፉን ሲፈልግ ቀልዱ አለፈው። ተናዶ ያገኘውን ተጫነ። ነርሷ አንሶላውን የልጁ ፊት ላይ ስትስበው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በሳቅ ፈነዳ።

ፊንች ዞሮ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩለትም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሳቁን አውጡት» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ክላይድን፣ «አንተም ውጣ!» አለው።

ቦርሳዬን አንሥቼ እኔም ወጣሁ።

እሑድ በሬ ተንኳኳ።

«እንጀራዬን ዘጋሽብኝ» አለ ክላይድ፣ በቁጣ።

«የእኔንም በገዛ እጄ ዘግቻለሁ። ግባ፤ ድንቹ ይቀዘቅዛል።»

ተቀመጠ። ሹካውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«የዚያ ልጅ ስም ማን ነበር?»

ፊንች አልጠየቀኝም። ደራሲውም አልጠየቀኝም። የወለደችኝ እናቴ እንኳ ያንን አልጠየቀችኝም።

«ዴልበርት» አልኩት። «ዴልበርት ሆስኪንስ። የነብራስካ ግዛት ልጅ። ጫማውን እንዳናወልቅበት ይለምነን ነበር።»

እንባዬ መጣ። አይዞሽ አላለኝም፤ አያውቅበትም።

«ሌሎችም አሉ?»

«ብዙ።»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለኝ።