ሮኬቱ በእግሩ የቆመ ዕለት

ኤፍራይንን ያወቅሁት ልሰድበው ሄጄ ነው።

በዚያ ሰሞን ከወደባችን ከፖርት ኢሳቤል ማዶ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ሮኬት የሚሠራ አንድ ኩባንያ የሙከራ ሮኬት ልኮ ነበር። ሽቅብ ወጥቶ፣ ተመልሶ በእግሩ ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ይላካል የተባለለት ነገር ነው። የት ይቆማል! አየር ላይ ፈንድቶ ባሕሩ ላይ ተበተነ። በማግስቱ እኔና አባቴ በጀልባችን ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጥረት ልናጠምድ ወጣን። መረቡን ስንስብ ከበደን። አባቴ «ዛሬስ እግዜር አየን» አለ። ጎትተን ስናወጣው የመዝጊያ ያህል የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። መረባችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘንጥሎታል።

ብረቱን በመኪና ጭኜ ኩባንያው በር ላይ ሄጄ ጮህኩ።

«ማነው የዚህ ባለቤት? ይውጣ!»

ዘበኞቹ ሳቁብኝ። ሥራ ጨርሶ የሚወጣ አንድ በያጅ ግን ቆመ። እጅጌው በብየዳ ብልጭታ ተበሳስቷል። እኔን ትቶ ወደ ብረቱ ሄደና በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ የኔ ብየዳ ነው» አለ።

«እንኳን ደስ ያለህ! መረቤን የቀደደውም እሱ ነዋ!»

«ብረቱ ግራና ቀኙ ተቀዷል። ብየዳው ግን አለቀቀም። እዪው።»

«አልጠየቅኩህም!»

ቀና ብሎ አየኝ። የብየዳ ጭምብሉ ያረፈበት ፊቱ ላይ መስመር ሠርቷል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ ግን ረጋ ያሉ ናቸው። መንገድ ለመንገድ ያሰናዳሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ።

«መረብ መጠገን አልችልም» አለ። «ካስተማርሽኝ ግን እሁድ መጥቼ እጠግነዋለሁ።»

እሁድ መጣ። ጣቶቹ ወፍራምና ጠባሳ የበዛባቸው ነበሩ፤ ክሩ ይጠፋባቸዋል። አባቴ ከሩቅ ሆኖ «አንተ ልጅ፣ እየቋጠርክ ነው ወይስ እየፈታህ?» ይለዋል። ኤፍራይን አንገቱን ደፍቶ ይስቃል፤ በዚያው ቀና ሲል ዓይናችን ይጋጠምና ሁለታችንም ወደ መረቡ እንመለሳለን። መረቡ ተጠግኖ ካለቀ በኋላም እሁድ እሁድ መምጣቱን አልተወም። ወደድኩት። ምን ላድርግ፣ ወደድኩት።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ። የክርስትና አባቱ ዶን ኢላሪዮ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሚስታቸው ጣፋጭ ዳቦ በቅርጫት ይዘው መጡ። ኤፍራይን ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ቀረ።

«ዶን አንሴልሞ» አሉ ሽማግሌው፣ «ልጃችን ልጅዎን ወዷል። ጨዋ ነው፣ መጠጥ አይወድም፣ ሠርቶ አዳሪ ነው።»

«ምንድን ነው የሚሠራው?» አለ አባቴ። እያወቀ ነው የሚጠይቀው።

«በያጅ ነው። እዚያ ሮኬቱ ጋ።»

«ታዲያ እስካሁን የሠራው ነገር የት አለ? እስቲ ያሳዩኝ።»

ዶን ኢላሪዮ ምን ያሳዩ? የተሠራው ሁሉ ያለው ባሕር ውስጥ ነው።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ አባቴ። «ያ ነገር ወጥቶ፣ ተመልሶ፣ በእግሩ የቆመ ቀን ኑ። ያን ቀን ልጄን እሰጣለሁ። ቃሌ ነው።»

ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አባቴን አውቀዋለሁ፤ እምቢ ማለት ሲያፍር እንዲህ ነው የሚያደርገው። መቼም አይቆምም ብሎ ነው። ያለ እናት አሳድጎኛል፤ ጀልባው ላይም ቤቱም ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለውም። እኔ ከሄድኩ ራቱን ከማን ጋር ይበላል? ይህን ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ኤፍራይን ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሲነግሩት ራሱን ነቀነቀና ቃሉን ተቀበለ።

ቀጣዩ ሮኬት ወጣ፤ ሲመለስ በጎኑ ወደቀ። ሌላው ነዳጅ ሲሞላ ገና መሬት ላይ እያለ ነደደ። በሙከራ ቀን መንገዱም ባሕሩም ይዘጋል፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ወደቡ ላይ ተደርድሮ ያያል። አባቴ ብቻ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ፍንዳታው ተሰምቶ መስኮቱ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ወደቡ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ አፍ «ማሪሴላ፣ ሠርግሽ ዛሬም ተቃጠለ!» ይላል። መጀመሪያ መጀመሪያ አብሬያቸው እስቅ ነበር። በኋላ ሳቁ እምቢ አለኝ።

አንድ እሁድ አላስችል አለኝ።

«ብራውንስቪል ከተማ ሄደን ዳኛ ፊት እንጋባ» አልኩት።

«አይሆንም፣ ማሪ።»

«ለምን አይሆንም? አባዬ እኮ አይቆምም ብሎ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ? እያወቅክ ነው የምታስጠብቀኝ?»

ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባቴ እናቴን ይዟት ጠፍቶ ነው ያገባት» አለ። «አያቴ በሩን ዘጋባት። እስክትሞት ድረስ በአባቷ ስም ስታለቅስ ነው ያደግሁት። አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ማየት አልችልም።»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ።

«እንግዲያው ብረትህን አግባ!» ብዬ በሩን ጠረቀምኩበት።

ከዚያ ወዲያ እሁድ ሲመጣ አልከፈትኩለትም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየዋለሁ፤ ጥቂት ቆሞ፣ ባርኔጣውን አጥልቆ ይሄዳል። ይናፍቀኛል፤ ግን ግትር ነኝ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ። አባቴም በሩ ላይ ሲቆም ያየዋል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጠዋቱ ጥርት ያለ ነበር። ሮኬቱ ነጥብ እስኪያክል ወጣና ሞተሩ ጠፋ፤ ተጋድሞ ቁልቁል መምጣት ጀመረ። «በቃ፣ አለቀለት» አለ አንዱ። መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው እሳቱ በራ። ቀና አለ። ቀስ ብሎ ወረደና ቆመ።

ቆመ! ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ ግን ቆሟል። ወደቡ በጩኸት ተናወጠ። ሴቶቹ እየተጋፉ አቀፉኝ። በትከሻቸው አሻግሬ አባቴን ፈለግሁት። ወንበሩን አዙሮ ሮኬቱን እያየ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሰው ቁርሱን በልቶ እስኪነሳ ያህል ቆመ። ከዚያ ከሥሩ እሳት ታየ፤ ድምፁ ሳይደርሰን ሮኬቱ ተነስቶ ተበታተነ። ድምፁ ሲደርስ ደረቴን መታኝ። በዚያ ቀን ሠርግሽ ተቃጠለ ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም ዓይኔን እየሸሸ ወደየጀልባው ሄደ። ያ ነው አንጀቴን የበላው።

አመሻሽ ላይ እኔና አባቴ ራት ቀርቦልን ሁለታችንም ሳንነካው ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ኤፍራይን ነኝ።»

እኔ አልተነሳሁም። ከውጭ እንደቆመ ተናገረ፤ ድምፁ ደክሟል።

«ዶን አንሴልሞ፣ ቃልዎን ልመልስልዎ ነው የመጣሁት። ማሪሴላ እኔን ስትጠብቅ ዕድሜዋ እንዲያልቅ አልፈልግም። ያሉት አልሆነም።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ዓይን የለህም እንዴ? ቆሟል እንጂ። እኔው ራሴ አይቼዋለሁ።»

«ወዲያው ፈነዳ እኮ።»

«ይቁም አልኩ እንጂ ይህን ያህል ጊዜ ይቁም ብያለሁ?»

አባቴ እኔን ሳያይ ቀጠለ።

«የዚች ልጅ እናት ከእኔ ጋር የኖረችው ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ብቻ! አንሴልሞ ሚስት አላገባም ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።»

አባቴ ስለ እናቴ ሲናገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንድም ቀን አንስቷት አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን ያዝኩት። እንባዬ መጣ።

«አባዬ…»

«ተይ፣ አታልቅሺ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስንት እሁድ እዚያ በር ላይ ሲቆም አይቼዋለሁ። እሱስ የሚፈነዳ አይመስለኝም። ተነሺ፣ ክፈቺለት።»

ተነስቼ ከፈትኩለት።