የኮፈኑ መተንፈሻ

«ስሙ እንጂ! ኮፈኑ ብቻውን ፍጥነት ይጨምራል» አለች ገሊላ፣ ዴስክ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች።

ግማሹ ክፍል ከቧታል። እየሩስ ግን ከመስኮቱ ጥግ አልተነሳችም። ምን አባቱ ነው የሚጨምረው! አለች በሆዷ።

ነገሩ የጀመረው የገሊላ ታላቅ ወንድም ቴዎፍሎስ ጥምቀትን ሊያከብር ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ፣ ዘመሮ ሲመጣ ነው። ሁለት በር ብቻ ያላት ቀይ የስፖርት መኪና ይዞ መጣ። መኪናዋ እንኳ ያረጀች ናት፤ ከመሬት ዝቅ ከማለቷ የተነሳ ጠጠር ባየች ቁጥር ሆዷ ይፋቃል። የሞተሯ ክዳን፣ ኮፈኗ ግን አዲስ ነው። ቴዎፍሎስ ለብቻው ገዝቶ ያስገጠመው፣ ጥቁር፣ ግራና ቀኙ ላይ ረዣዥም መተንፈሻ ቀዳዳዎች ያሉት። ከተማው ስለዚያ ኮፈን ካላወራ እንጀራ አይበላም ነበር።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ በዘጠነኛ ክፍል የመኪና ነገር ሲነሳ የምትጠየቀው እየሩስ ነበረች። አባቷ ገብረየሱስ በግና ገብስ የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ነው። ልጆቹ «የአይሱዙ ልጅ» ይሏታል፤ እሷም ደስ ይላታል። አሁን ግን የሚጠይቃት ጠፋ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ገሊላ እንኳ ወደ ሲና ዴስክ ተዛውራለች። እየሩስን ቅናት አንገበገባት። ለራሷም አልደበቀችውም፤ ያቺን መኪና ባየች ቁጥር ጎማዋ ቢተነፍስ ትል ነበር።

«ቀዳዳ ነው እንጂ ሞተር አይደለም!» አለች ድንገት ጮክ ብላ። «ቀዳዳ ፍጥነት የሚጨምር ቢሆን ኖሮ የወዳጆ ሹራብ እስካሁን አዲስ አበባ ደርሶ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወዳጆ ራሱ የተቀደደውን ክርኑን እያሳየ ሳቀ። ገሊላ ግን አልሳቀችም።

«ቅናት ነው በቃ! የእናንተ አይሱዙ እኮ ዳገት ሲወጣ የጫነው በግ ወርዶ ይቀድመዋል።»

ይቺ ቃል አጥንት ድረስ ዘለቀች። እየሩስ መልስ ስትፈልግ የፊዚክሱ መምህር ቲቸር አፈወርቅ በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ አየቻቸው።

«በጩኸት አይሆንም» አሉ። «ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱ ላይ እንለካዋለን። መጀመሪያ መተንፈሻው ክፍት ሆኖ፣ ከዚያ በፕላስተር ተሸፍኖ። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ የሙቀት መለኪያውን አያለሁ። እየሩስ ሰዓት ትይዛለች።»

«ቲቸር፣ ለምን እሷ?» አለች ገሊላ።

«ከእሷ የባሰ ተጠራጣሪ የለማ። እሷን ካሳመንሽ ሁሉም ያምናል።»

ዓርብ አመሻሽ ላይ ገሊላ እነእየሩስ ደጅ መጣች። እንደ ክፍሉ ውስጥ አልተንጠባረረችም፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወትፋ ትንቀጠቀጣለች።

«እየሩ፣ ጉድ ሆኛለሁ። መኪናዋ ሁለት ቀን ጠዋት አልነሳም አለች፤ ስንገፋ ነው የዋልነው። ውርጩ በዚያ በመተንፈሻው ይገባል መሰለኝ። ነገም እምቢ ብትል ምን ይውጠኛል? ጋሽ ገብረየሱስ ምን ያደርጋሉ?»

እየሩስ ደስ አላት። የማታ ማታ እኔው ጋ መጣሽ አይደል! አለች በሆዷ።

«ሞተሩን ባና ያለብሰዋል» አለች።

እውነት ነው። በዚያ በውርጭ ወር የመንዝ ሹፌር ሁሉ ሞተሩ ሲበርድለት አሮጌ ባና ደርቦበት ያድራል፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ ሰውንም ሞተርንም ያሞቃል። ገሊላ በሩጫ ሄዳ የእናቷን የእትዬ ጌታነሽን ባና አመጣች። ቴዎፍሎስ ዘመድ ጥየቃ ወጥቶ ነበር። ሁለቱ ልጆች ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፍተው ባናውን በቀዝቃዛው ሞተር ላይ ዘረጉት፤ ዳር ዳሩንም እየወተፉ ኮፈኑን መልሰው ዘጉት።

«አንደኛ ነሽ! በቃ ነገ ታያታለሽ፣ እንደ ጥይት ነው የምትወጣው!» አለች ገሊላ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ወደ ቤት ገባች።

እየሩስ መንገድ አጋማሽ ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቆመች። አባቷ ባና ባለበሰ ቁጥር ቆቡን አውልቆ መሪው ላይ ይሰቅላል። ጠዋት መሪውን ሲይዝ ቆቡን ያያል፤ ቆቡን ሲያይ ባናውን ያወጣል። ይህን ለገሊላ አልነገረቻትም። ተመልሳ ልትነግራት ትችል ነበር፤ ግቢው ገና ይታያል።

«ጎበዝ አይደለች! ራሷ ታስታውሰው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዘጠነኛ ክፍል በሙሉ ከዳገቱ ሥር ተሰበሰበ። ቀይዋ መኪና በመጀመሪያው ቁልፍ ተነስታ ነበርና ቴዎፍሎስ በደስታ ኮፈን ከፍቶ ዘይት እንኳ አላየም። ገሊላ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ፣ አዲስ ጃኬት ለብሳ ከመኪናው ወረደች። ቲቸር አፈወርቅ ገቡና ቀበቷቸውን አሰሩ። ወዳጆ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሟል፤ መኪናዋ ስትደርስ እጁን ያነሳል። እየሩስ ከመኪናው ፊት ዳር ላይ ቆማ ቀይ ሻርፗን ከፍ አደረገች፤ ዝቅ ስታደርገው ቴዎፍሎስ ይነሳል።

ያኔ ነው ያየችው። በግራው መተንፈሻ በኩል የባናው ጫፍ ብቅ ብሏል። የሞቀ የበግ ጠጉር ሽታም ይሸታታል። ሌላ ማንም ልብ አላለም፤ መንዝ ውስጥ በበግ ጠጉር ሽታ ማን ይገረማል?

እየሩስ አሰላችው። በዚህ ሁኔታ ከወጣ ሞተሩ ይግላል። መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ትቆማለች። ኮፈኑ የማይረባ ቆርቆሮ ተብሎ ይቀራል። እሷ አንዲት ቃል ሳትዋሽ ገሊላ አፈር ትበላለች! ሐሳቡ ጣፈጣት።

«እየሩ! ሰዓቱን እንዳታጭበረብሪ ብቻ!» ጮኸች ገሊላ። ሲና ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ጥጋብሽ! አለች እየሩስ፤ ሻርፗን ልታወርደው እጇ ዝቅ ማለት ጀመረ። ግን ዓይኗ ከባናው አልነቀል አለ። ጫፉ ቀይ ጥለት ነበረው። ታውቀዋለች። በልጅነታቸው እነገሊላ ቤት ስታድር እትዬ ጌታነሽ ሁለቱንም የሚያለብሷቸው ይኸው ባና ነው፤ ሌሊት እየተጓተቱ ይጣሉበት ነበር። አሁን ከሥሩ ሞተር እየጋለ ነው። ቲቸር አፈወርቅ ደግሞ መለኪያውን ለማየት አንገታቸውን አስግገው ተቀምጠዋል።

ቴዎፍሎስ ጡሩንባ ነፋ። «ምነው፣ ደረቅሽ እንዴ?»

እየሩስ ሻርፗን አላወረደችም። ወደ መኪናው ሄደችና መዳፏን ኮፈኑ ላይ አደረገች።

«ጋሼ ቴዎ፣ ሞተሩን አጥፋው። ኮፈኑንም ክፈተው።»

ኮፈኑ ሲከፈት ጭስ ቢጤ ወጣ። ባናው አንድ ማዕዘኑ ላይ የመዳፍ ያህል አርሯል። ልጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው ሳቁ። «የስፖርት መኪና ባና ለብሳ! ጉንፋን ይዟት ነው?» አለ አንዱ። ገሊላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ማነው ይህን የሠራው? ቢቀጣጠልስ ኖሮ?» አለ ቴዎፍሎስ።

«የመከርኳት እኔ ነኝ» አለች እየሩስ። «አባቴ ባና ሲያለብስ እንዳይረሳ ቆቡን መሪው ላይ ይሰቅላል። ያንን አልነገርኳትም።»

«ረስተሽው ነው?» አለች ሲና።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «ማታ መንገድ ላይ ትዝ ብሎኝ ነበር» አለች እየሩስ። «አልተመለስኩም።»

ገሊላ እጆቿን ከፊቷ አንስታ አየቻት። ባናውን አጣጥፋ ይዛ ዘወር አለች።

ቴዎፍሎስ ሞተሩን ከላይ እስከ ታች አየና ደህና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ልኬቱ ተጀመረ። መኪናዋ መተንፈሻው ክፍት ሆኖ ወጣች፤ ወረደች። መተንፈሻው ላይ ፕላስተር ተለጥፎበት እንደገና ወጣች። እየሩስ የሁለቱን ጊዜ ስልኳ ላይ አየች፤ ልዩነቱ ወዳጆ እጁን ለማንሳት የሚፈጅበትን ያህል እንኳ አይሆንም። ቲቸር አፈወርቅ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ያዩትን ነገሯት።

«በይ አንቺው ንገሪያቸው» አሉ።

«ፍጥነት አልጨመረም» አለች እየሩስ። ልጆቹ አጨበጨቡላት፤ እዚያ ላይ ብታቆም ማንም ሌላ አይጠይቃትም። ቀና ብላ ገሊላን አየቻት። «ግን ሙቀት ያወጣል። መተንፈሻው ሲሸፈን መለኪያው ወደ ላይ ሄዷል፤ ክፍት ሲሆን ግን ብዙም ንቅንቅ አላለም። ዳገቱ ረጅም ቢሆን ኖሮ ይጠቅማት ነበር።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለ ወዳጆ ከዳገቱ በሩጫ ወርዶ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ።

ጀምበር ስትጠልቅ እየሩስ እነገሊላ ግቢ ገባች። ቀይዋ መኪና አጥሩ ሥር ቆማለች። አሁንም ታምራለች፤ እየሩስ አሁንም የእኔ በሆነች ብላ ተመኘች። ገሊላ የተቃጠለውን ባና ታቅፋ ከቤት ወጣች።

«እናቴ ልትገድለኝ ነበር» አለች። «ደግሞ አልታረቅኩሽም።»

«አውቃለሁ።»

ገሊላ ኮፈኑን ከፍታ ሞተሩን ዳሰሰች። «ሞተሩ በርዷል። በይ ያን ጫፍ ያዢ።»

ባናውን አለበሱትና ኮፈኑን ዘጉት። ገሊላ ትከሻዋን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች። እየሩስ የሹፌሩን በር ከፈተች። ሻርፗን ከአንገቷ ላይ ፈታ መሪው ላይ አጥብቃ አሰረችውና፣ ውርጩ አንገቷን እየቆነጠጣት ወደ ቤቷ ሄደች።