ባለ ሦስት ፎቁ ምሳ ዕቃ

ብረቱ ለሦስተኛ ጊዜ ከትከሻዋ አምልጦ ወለሉን ሲመታ በጂሙ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። ክሬን ግን ማንንም አላየችም። ስድሳ ኪሎ! ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ተቸክላ ቀረች። ሃምሳ ሰባቱን እንደ ትራስ ታነሳዋለች፤ ሦስት ኪሎ ሲጨመርበት ግን እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዷ ይከብዳታል፣ የበላችው ሽንኩርትና ማዮኔዝ እስከ ጉሮሮዋ ይመጣባታል። ብረቱን በእግሯ ልትለው አሰበችና ተወችው። ብረት ሲመቱት የሚያመው መቺውን ነው።

ክሬን የሚለውን ስም ያወጡላት የቡድኑ ልጆች ናቸው። ገና በአስራ አምስት ዓመቷ ትከሻዋ ሰፊ፣ ክንዷ ረጅም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ስሙ ያኮራት ነበር፤ አሁን አሁን ግን በተጠራች ቁጥር ሙድ የያዙባት ይመስላታል። ማንሳት ያቃተው ክሬን ምን ይሠራል? አርብ የመጨረሻው ፈተና ነው። አርብ ስድሳን ያላነሳች ልጅ ለትምህርት ቤቶች ውድድር አትሄድም፤ በቃ።

«ደብተርሽን አምጪ» አሏት አሰልጣኙ።

የምግብ ደብተር ማለታቸው ነው። እዚህ ጂም ውስጥ ከብረቱ ይልቅ የሚፈራው እሱ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቁርስ፣ ምሳና እራት ምን እንደበላ ይጽፍበታል። አሰልጣኙ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ ደረቅ ዳቦ ብትበሉም አልስቅባችሁም፣ በርገር ብትበሉም አልቆጣም፣ እውነቱን ብቻ ጻፉልኝ። ደብተሩ ላይ የዋሸ ግን ዘንድሮ ውድድር የሚባል ነገር አያይም። እሳቸው ደግሞ አንዴ አሉ ማለት አሉ ነው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገጹን ገለጡ። ሰኞ ምሳ፣ ሦስት እንቁላል፣ ምስር፣ ሩዝ። ማክሰኞ ምሳ፣ ባቄላ፣ ድንች፣ የበሬ ሥጋ። ገለጡ፣ ገለጡ፣ ከዚያ ዘጉት።

«ይህን የበላ ሰው ሰባ ኪሎ ነው ማንሳት ያለበት» አሉ። «ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ።»

ክሬን ደብተሩን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክሬን አባት የመኪና ወንበር ሰፊ ነው፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆዳ ሲቆርጥና ሲሰፋ ይውላል። እናቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ስለምትነዳ ማክሰኞ ወጥታ አርብ ማታ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ድስቱ የአባትየው ነው። ልጁ ብረት ማንሳት የጀመረች ቀን ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዛ። ከዚያ ወዲህ ምስር ሳይመዝን ውኃ ውስጥ አይጨምርም። በጠዋት ተነስቶ ያበስልና ባለ ሦስት ፎቅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ደርድሮ ይሰጣታል፤ ከታች ምስር ወይም ባቄላ፣ መሃል ላይ ሩዝ፣ ከላይ እንቁላል። በር ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ፎቅ ግራም በቃሉ ይነግራታል። እሷም ደብተሯ ላይ የምትጽፈው የነገራትን ነው።

የምትበላው ግን እሱን አይደለም። ምሳ ዕቃውን ይዛ ወደ ጂም የመጣች ዕለት ትልልቆቹ ልጆች፣ እነዚያ ሰማንያና ዘጠና የሚያነሱት፣ ከሳቅ ብዛት ወለል ላይ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸው። አንዷ «አባትሽ ድግስ ላይ ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ሌላዋ ደግሞ ፋራ አትሁኚ፣ ብረት የሚያነሳ ሰው በርገር ነው የሚበላው፣ ነይ ብላ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው በርገር ቤት ወሰደቻት። ባለ ሁለት ሥጋ በርገር፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ። ይጣፍጣል፤ ማን ይዋሻል? ከሁሉ ይልቅ ግን ከትልልቆቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ መቀመጡ ይጣፍጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የታክሲዋን ሳንቲም ለበርገር እያዋለች ማታ ማታ በእግሯ ትመለሳለች።

ምሳ ዕቃው የት ይደርሳል? መርፌ ጋ። መርፌ በቡድኑ ውስጥ ከሁሉ ቀጭኗ ናት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከደረጃው ሥር ቁጭ ብላ መጽሐፍ የምታነብ ትመስላለች እንጂ ምሳ ስለሌላት መሆኑን ክሬን ታውቃለች። «እኔ ጠግቤያለሁ፣ ብዪው» አለቻት አንድ ቀን። በማግስቱም እንዲሁ። መርፌ አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችም። በልታ፣ ሦስቱንም ፎቅ አጥባ፣ አድርቃ ትመልስላታለች።

በማግስቱ አባትየው መጣ። ሱሪው ላይ የጠመኔ ምልክት እንዳለ ነው፤ ሜትሩንም ከአንገቱ ማውለቅ ረስቷል። የአሰልጣኙ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲሰጡት መጀመሪያ የወንበሩን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ከኪሱም አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የወሩን ምሳ በሙሉ በግራም ጽፎታል።

«ጨው አብዝቼ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። «ወይስ ምስሩን ሳበስለው ነው ኃይሉ የሚጠፋው?»

አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ቁጥር የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ቁጥሩ ደግሞ ፊታቸው ተዘርግቷል። ከመደርደሪያ ሌላ ደብተር አወጡ። የመርፌን።

«አባት፣ አይቀየሙኝ» አሉ። «ይህችን ልጅ ይዩ። ቁርስ ዳቦና ሻይ፣ እራት ዳቦና ሻይ። ምሳ ላይ ጭራሽ ባዶ ነው። በሁለት ወር በምታነሳው ብረት ላይ አስር ኪሎ ጨመረች። የእርስዎ ልጅ ይህን ሁሉ እየበላች ንቅንቅ አላለችም። ችግሩ ያለው ከድስቱ ነው።»

ከዚያም መፍትሔ ያሉትን ተናገሩ። ከመንገዱ ማዶ ያለው በርገር ቤት የተጠበሰ ዶሮ ይሸጣል፤ ቢያንስ ስንት ግራም እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ጽፈውበታል። ከነገ ጀምሮ ልጅቷ ምሳዋን ከዚያ ትብላ። የቤቱ ይቅር።

ክሬን በሩ አጠገብ ቆማ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ትመኝ ነበር። አርብን አሰበች፣ ትልልቆቹን አሰበች፣ ደብተሩ ላይ የዋሸ የሚለውን ቃል አሰበች። አባቷ ወረቀቱን እንደገና አጠፈው። ዳቦና ሻይ አሸንፎታል፤ እሱም አመነ። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር በምድር ላይ ይኖራል?

አባትየው መንገዱን ሙሉ ቀድሟት ሄደ። ቤት ሲደርሱ ምሳ ዕቃውን በፎጣ ወለወለና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለው። «እኔ የማውቀው ወንበር ማልበስ ነው» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለራሱ አልታወቀም። «ምግቡም እንደዚያው መስሎኝ፤ ለክተህ ብትቆርጥ የሚሆን።»

ሐሙስ ጠዋት የዶሮውን ገንዘብ ብቻ ሰጥቶ ሸኛት። በር ላይ ግራም የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ ክሬን ከትልልቆቹ ጋር ተቀመጠች፤ ዛሬስ በአሰልጣኙ ትእዛዝ ነው፣ ማን ምን ይላታል? ግን ከአንድ ጉርሻ በላይ አልበላችም። ካርቶኑን እንዳለ ይዛ ተነሳች። ከኋላዋ አንዷ ምን ነካት ስትል ሰማች፤ ዞር አላለችም።

መርፌ ከደረጃው ሥር ነበረች። የክሬንን እጅ አየች፣ ካርቶኑን አየች።

«ዛሬ የለም?»

«አባዬ ማብሰሉን አቆመ» አለች ክሬን፣ ቁጭ ብላም ሁሉንም ነገረቻት። ስትጨርስ በንዴት ተሞልታ ነበር፤ ንዴቱ ሌላ የሚያርፍበት ሲያጣ መርፌ ላይ አረፈ። «አንቺ ደግሞ ምሳውን ለምን ባዶ ተውሽው? እንደበላሽ ብትጽፊ ኖሮ ዳቦና ሻይ ባላሉ ነበር።»

መርፌ አልተቆጣችም። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች። «የኔ ነው ብል ውሸት ነው። የክሬን ነው ብል አንቺን ማስያዝ ነው። ባዶ መተው ይሻላል ብዬ ነው።»

ክሬን ካርቶኑን ገፋ አደረገችላት። መርፌ ዶሮውን ቀምሳ አስቀመጠችው።

«አባትሽ እኔን አያውቁኝም» አለች። «እኔ ግን እጃቸውን አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጨው ይረሳሉ።»

«ማክሰኞ?»

«ሁልጊዜ። አንድ ማክሰኞ አላለፋቸውም።»

ማክሰኞ እናቷ የምትሄድበት ቀን ነው። ክሬን ይህን አታውቅም ነበር። የራሷ አባት በየሳምንቱ ማክሰኞ ጨው የሚረሳ ሰው መሆኑን ከባዳ ሰማች። በራሷ ላይ ደሟ ፈላ።

ማታ ክፍሏን ዘግታ ደብተሩን አወጣች፣ ቀይ እስክሪብቶም። የመጀመሪያውን ምሳ ሰረዘችና ከላዩ በርገር ብላ ጻፈች። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። አርባ አንድ ቀን። በርገር፣ በርገር ከቺፕስ ጋር፣ በርገር። እጇ እስኪዝል ጻፈች። ሲያልቅ ወደ ሱቁ ወጣችና ደብተሩን በአባቷ ስፌት መኪና ላይ፣ ከቆዳው አጠገብ አስቀመጠችው።

አባትየው ክሩን በጥርሱ በጠሰና ማንበብ ጀመረ። አንዱን ገጽ፣ ቀጣዩን ገጽ። አንዱንም አልዘለለም።

«የኔን ማን በላው?»

«መርፌ። ያቺ… ያቺ ዳቦና ሻይ ያሏት።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለ አባትየው ቀስ ብሎ። ሳቅ የለበትም። ክሬን ቢጮህባት፣ ደብተሩን ቢወረውርባት በወደደች። እሱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ። «ምሳ ዕቃውንስ? አጥበሽ የምትመልሺው?»

«እሱንም የምታጥበው እሷ ናት።»

ይሄኛው ከሁሉ የባሰ ጎዳው፤ ፊቱ ላይ ታየ። ልጄ አደገች፣ ምሳ ዕቃዋን እንኳን ራሷ አጥባ ነው የምትመልስልኝ እያለ ለእናትየው በስልክ ሲያወራ ክሬን ሰምታለች፤ ሰምታም ዝም ብላለች። ምን ዓይነት ልጅ ናት? ራሷን ጠየቀችና መልሱን አልወደደችውም።

«አባዬ፣ ለአሰልጣኙ ልንገራቸው?» አለች። «ካወቁ ውድድሩ ቀረ ማለት ነው። ባነሳም አይወስዱኝም።»

አባትየው ቆዳውን ወደ መርፌው አስተካከለ። «መጀመሪያ ስትጽፊው እኔን ጠይቀሽኝ ነበር?» አለና ስፌት መኪናውን አስነሳ።

አርብ ጠዋት ክሬን ከአባቷ ቀድማ ተነሳች። ወንበር ላይ ቆማ ምሳ ዕቃውን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች። ስድስት እንቁላል ቀቀለች፤ ሁለቱ ፈነዱባት። ምስሩን ስትመዝን ግማሹ ወለል ላይ ተበተነ፤ ለቀመችው፣ አጠበችው። ሩዙ ከታች አረረ። ወጥ ቤቱ በጭስ ሲሞላ አባትየው ከነጋቢው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ያረረውን አየ፣ የፈነዱትን እንቁላሎች አየ፣ ቀረብ ብሎ ምስሩን በማንኪያ ቀመሰ።

«ጨው» አለ።

ጨመረች። እንደገና ቀመሰ፤ ራሱን ነቀነቀ። ስትደረድር ቆሞ ጠበቃት።

«ይሄ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?»

«ለሁለት።»

አባትየው መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ማንኪያ አወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛውን ጨመረ። ሁለቱንም ከምሳ ዕቃው እጀታ ጎን ሰካቸውና ፊቱን ለመታጠብ ሄደ። አልመረቃትም፣ ግራምም አልቆጠረላትም። ቅሬታው ገና አልወጣለትም፤ ክሬንም ይህን አላጣችውም።

ጂም ስትደርስ ከአሰልጣኙ በቀር ማንም አልመጣም ነበር። አሰልጣኙ ለፈተናው ብረቱን ሌሊት ጭነውት ያደሩ ይመስል ከመሃል ወለል ላይ ተጋድሟል፤ ስድሳ ኪሎ፣ ዲስኮቹ ተቆልፈው። ክሬን አጠገቡ ደርሳ ቆመች። መዳፏን አሳከካት። ዛሬ ሆዷ ቀሏታል፣ እግሯም አይንቀጠቀጥም። ማን ያውቃል፣ አንድ ጊዜ ብትሞክረው…

ምሳ ዕቃውን ከደረጃው ሥር፣ መርፌ ከምትቀመጥበት ቦታ አስቀመጠችው። ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። ከዚያ ብረቱን በጎኑ አልፋ ሄደችና የአሰልጣኙን በር አንኳኳች።